ምዕራፍ ሰባት፦ ዕቃው ይመስክር

ባለፈው ምዕራፍ የሃዋይ ሊቃውንት ያለ ጽሕፈት፣ በቃል ብቻ፣ የነገሥታቶቻቸውን ሐረገ ትውልድ ከሥነ ፍጥረት መጀመሪያ አንሥተው እስከ ዘመናቸው ድረስ እንዴት ይቈጥሩት እንደ ነበር ተመልክተናል፤ በተለይም ኩሙሊፖ የተባለው፣ ከሁለት ሺህ ስንኝ የሚበልጠው የፍጥረትና የትውልድ ዝማሬ በ1889 በንጉሥ ካላካውዋ ዘመን እንደ ታተመ፣ በ1897ም እኅቱ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ እንዳወጣችው አንባቢ ያስታውሳል። (ዓመታቱ በዚህ መጽሐፍ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያም በፊት በአራተኛው ምዕራፍ፣ አንድ ርስት ከተራራው ራስ ጀምሮ ወንዙን ተከትሎ ዓሣ እስከሚጠመድበት ባሕር ድረስ በአንድነት የሚሸነሸንበትን፣ አሁፑአአ የሚባለውን የመሬት ሥርዓት አይተናል። አሁን የምንመረምረው ከእነዚህ ከሁለቱ፣ ከሐረገ ትውልድና ከመሬት፣ የሚወለደውን ሦስተኛውን ነገር ነው፤ ይኸውም የሃዋይ ተወላጅ የሆነ ሰው በማያውቁት ሰዎች ጉባኤ ፊት ቆሞ ራሱን ለማስተዋወቅ ከቤቱ አንድ ዕቃ ይዞ የመጣ እንደ ሆነ፣ ያ ዕቃ ስለ ሰውየው ምን ይናገራል? የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ በዛሬው ዘመን በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ቦታ «ራስህን የሚገልጽ ዕቃ አምጣ» የተባለ ሰው ሁሉ፣ አንዱ የሚወደውን የእግር ኳስ ቡድን ልብስ፣ አንዱ ያነበበውን መጽሐፍ፣ ሌላውም በሩቅ አገር የተነሣውን ፎቶግራፍ ይዞ ይቀርባልና። እነዚህ ዕቃዎች የሚገልጹት የሰውየውን ምርጫ ነው። የሃዋዩ ሰው ዕቃ ግን በአብዛኛው ሰውየው የመረጠው አይደለም፤ ዕቃው ሰውየውን ቀድሞ የነበረ፣ እርሱም ካለፈ በኋላ የሚኖር ነውና፣ የሚናገረውም ሰውየው የማን እንደ ሆነ ነው።

ሃዋያዊ ማን ነው

በካሊፎርንያ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ትናንት የገባ ቢሆን እንኳ፣ ካሊፎርንያዊ ቢባል የሚቃወመው የለም፤ በሃዋይ ደሴቶች ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በሆኖሉሉ ተወልዶ፣ በሆኖሉሉ ተምሮ፣ አያቱና ቅድመ አያቱ በሆኖሉሉ አፈር የተቀበሩለት ሰው፣ የዘር ሐረጉ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ከጃፓን፣ ከቻይና፣ ከፖርቱጋል ወይም ከፊሊፒንስ ከመጡት ሠራተኞች የሚመዘዝ እንደ ሆነ፣ የደሴቲቱ ሰው ይባላል እንጂ ሃዋያዊ አይባልም፤ ይህ ስም እንግሊዛዊው መርከበኛ ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1778 ከመድረሱ አስቀድሞ በዚያ ይኖር ከነበረው ሕዝብ ለሚወለዱት የተጠበቀ ነውና።

ሕግም ይህን ጽፎታል። በ1921 የአሜሪካ ምክር ቤት፣ በልዑል ጆና ኩሂዮ ካላኒያናኦሌ ብርቱ ጥረት፣ 200 ሺህ ኤከር ያህል መሬት ለተወላጆቹ መኖሪያ እንዲለይ ሲደነግግ፣ ከመሬቱ የሚካፈለው ሰው ቢያንስ የደሙ እኩሌታ ከ1778 በፊት ከነበሩት ሰዎች የወረደ መሆን አለበት ሲል ወሰነ። የልዑሉ አሳብ በጎ እንደ ነበረ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ሰውን በእኩሌታና በሩብ መስፈር በእኔ አስተያየት ከሂሳብ ትምህርት የተወሰደ እንጂ ከሃዋይ ልማድ የተወሰደ ሥርዓት አይደለም፤ በሐረገ ትውልድ ቈጠራ አንድ ሰው የአንድ አባት ልጅ ነው ወይም አይደለም እንጂ የእኩሌታ ልጅ ሊሆን አይችልምና።

ይህ ሕግ የመጣው ደግሞ ሕዝቡ እጅግ ካነሰ በኋላ ነበር። መርከበኞች ይዘውት የመጡት በሽታ ደሴቶቹን ደጋግሞ ስላጠቃ፣ ቀድሞ በመቶ ሺዎች ይቈጠር የነበረው ሕዝብ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ 40 ሺህ ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር፤ በጥር ወር 1893 መንግሥታቸው ተገለበጠ፤ በ1896 የወጣው ሕግ ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ በማዘዙ የሃዋይ ቋንቋ ከትምህርት ቤት ወጣ፤ በ1898ም ደሴቶቹ ከአሜሪካ ጋር ተቀላቀሉ። ሽማግሌው የትውልዱን ዝማሬ ሳያስተምር የሞተበት፣ ልጁም የአያቱን ቋንቋ ያልሰማበት ቤት እጅግ ብዙ ሆነ። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የቀረው አንድ ዕቃ ነው።

እማኝ የሚቈጠር ዕቃ

በአገራችን የባላገር ሙግት የሚያውቅ ሰው፣ አንዱ ተሟጋች «እማኝ ቈጥሬአለሁ» ያለ እንደ ሆነ፣ ባላጋራው ወዲያው የሚያነሣውን ጥያቄ ያስታውሳል። እማኙ በዚያ ዕለት በዚያ ቦታ ነበርን? ያየ ነው ወይስ የሰማ? ለተሟጋቹስ ምኑ ነው? ንግግሩ የሚያምር፣ መልኩ የሚያስከብር ሰው በስፍራው ያልነበረ እንደ ሆነ ከሜዳ ይመለሳል፤ ኩታው ያደፈ እረኛ ግን በዓይኑ ያየ እንደ ሆነ ርስት ያስመልሳል። ኦሪትም በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንዳይፈረድ መከልከሏን፣ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ምስክሮች ጠባይ በሰፊው መናገሩን አንባቢ ያውቃል።

የሃዋይን ዕቃ ለማያውቀው ሰው ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ትናንት ከሱቅ የተገዛ፣ በዕንቊ ያጌጠ ነገር በስፍራው አልነበረም፤ እንግዲህ ምን ሊመሰክር ይችላል? የአያት አያት እጅ ያለሰለሰው ጥቁር ድንጋይ ግን ነበረ። ስለዚህ በዚህ ሕዝብ ዘንድ አንድ ዕቃ ሲቀርብ ከዋጋው ይልቅ የሚጠየቀው ማን ሠራው፣ ከየትኛው ሸለቆ እንጨት ወይም ድንጋይ ተወሰደ፣ ማን ለማን ሰጠው፣ አሁን ይዞት የቆመውስ በምን መብት ይዞታል የሚለው ነው። የቤተ መዘክር ባለሙያዎች ይህን የእጅ ለእጅ መተላለፍ በመዝገብ ይይዙታል፤ ለእነርሱ ዕቃው የተሰረቀ ወይም የተጭበረበረ አለመሆኑን የሚያረጋግጡበት ነው፤ ለሃዋይ ሰው ግን ይህ ራሱ የዕቃው ሐረገ ትውልድ ነው። ዕቃው በታላላቅ ሰዎች እጅ ባለፈ ቍጥር ማና የሚሉት መንፈሳዊ ኃይል በውስጡ ይበረታል፣ ታላላቆቹም ዕቃዎች እንደ ሰው የተጸውዖ ስም ይወጣላቸዋል።

አንድ ዕቃ ብቻውን ግን አይበቃም። እማኝነቱ የሚጸናው ሰውየው ከሚቈጥረው የአባቶች ስምና ከሚጠራው መሬት ጋር ሲስማማ ነው፤ ዕቃው የካዋይ ደሴት ሆኖ ባለቤቱ የሚቈጥረው ሐረግ ሁሉ የማዊ ሰዎች የሆኑ እንደ ሆነ፣ ሰሚው መሐል ላይ የጎደለውን ጋብቻ ወይም ስደት ወይም ጦርነት እስኪሰማ ድረስ አያርፍም።

ታላቅ ወንድምና ዘነዘናው

ከዕቃዎቹ ሁሉ በመልክ የተናቀው፣ በነገር ግን የከበረው፣ ፖይ የሚባለው ምግብ የሚወቀጥበት የድንጋይ ዘነዘና ይመስለኛል። ምግቡ የሚሠራው በደቡብ አገራችን ጎደሬ እየተባለ ከሚበላው ከዚያው ሥር ነው፤ እነርሱ ካሎ ይሉታል። ጥሬው ጕሮሮ የሚያሳክክ መሆኑን የኛም ገበሬ ያውቀዋል። ስለዚህ በመሬት ውስጥ በተቆፈረ፣ በጋለ ድንጋይ በተሞላ ምድጃ በእንፋሎት ያበስሉታል፤ ልጠውም በሰፊ የእንጨት ገበታ ላይ በዘነዘናው እየወቀጡ፣ እጃቸውን በውኃ እያራሱ፣ እስኪያያዝ ድረስ ያደቁታል፤ ከዚያም በውኃ አቅጥነው ይበሉታል፣ አሳድረውም ሲኮመጥጥ ይወዱታል።

የነገሩ ምሥጢር ያለው ግን በምግቡ ልደት ነው። በሃዋይ ጥንታዊ ትረካ፣ አባት ሰማይ የሚባለው ዋኬያና ሆኦሆኩካላኒ የተባለችው ሴት የወለዱት የመጀመሪያ ልጅ ሳይተነፍስ ስለ ቀረ ከቤቱ አጠገብ ቀበሩት፤ ከመቃብሩም የካሎ ተክል በቀለ። ሁለተኛው ልጅ ግን በሕይወት ተወለደ፤ በወንድሙም ስም ሃሎኣ ተባለ፤ የሰዎች ሁሉ አባት የሆነው ይህ ሁለተኛው ነው። እንግዲህ ካሎው የሰው ታላቅ ወንድም ነው፤ ታላቅ ወንድም ታናሹን ይመግባል፣ ታናሽም ታላቁን ያከብራል፣ ይንከባከባልም። የፖይ ማቅረቢያው ተከፍቶ በገበታ ላይ ሳለ ጠብና ክርክር ማንሣት ነውር የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ታላቁ በመካከል ተቀምጦ ይሰማልና።

አሁን አንዲት ወጣት በጉባኤ ፊት ያን ዘነዘና ብታቀርብ ምን ያህል ነገር በአንድ ድንጋይ እንደምትናገር አንባቢ ያስተውል። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቁር ድንጋይ መሆኑ የደሴቶቹን አፈጣጠር ይናገራል፤ ቅርፁም ደሴቱን ይለያል፤ በአብዛኞቹ ደሴቶች ዘነዘናው ታቹ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን፣ ራሱ ጕብ ያለ ሲሆን፣ በካዋይ ግን መካከሉ እንደ ቀለበት የተፈለፈለ ወይም እንደ ርካብ የተቀረጸ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ዓይነት ይገኛልና። የተወለወለው አንገቱ ስንት እጅ እንደ ያዘው፣ የለሰለሰው ግርጌው ስንት ቤተሰብ እንደ መገበ ይናገራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ወጣቲቱ «የሃሎኣ ታናሽ ነኝ» ማለቷ ነው።

ይህ ዕቃ ፍርድ ቤት ያስቀረበ ባይሆንም ምክር ቤት ያስቀረበ ነው። የጤና ጥበቃ ደንብ በድንጋይና በእንጨት ገበታ የተወቀጠ ካሎ በገበያ እንዲሸጥ አይፈቅድም ነበርና፣ ገበሬዎችና ወጣቶች ከተከራከሩ በኋላ የሃዋይ ምክር ቤት በ2011 በእጅ የተወቀጠውን በደንብ ለይቶ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ።

የተጠገነው ገበቴ

ፖይ የሚቀርብበት ኡሜኬ የተባለው የእንጨት ገበቴ ኮው፣ ሚሎና ካማኒ ከሚባሉ ዛፎች ይፈለፈላል። እንጨት ነውና ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። ሌላው ሕዝብ የተሰነጠቀውን ጥሎ አዲስ ሲገዛ፣ የሃዋይ ጠቢብ ግን ስንጥቁ ላይ የዓሣ ጅራት ቅርፅ ያለው እንጨት እየቀረጸ አግብቶ ይሰፋዋል፤ ጥገናውንም አይደብቀውም። መጠገኛ የበዛበት ገበቴ ከአዲሱ ይልቅ ይከበራል፤ እያንዳንዱ ጥገና «በዚህ ዘመን ሊያድነኝ የወደደ ሰው ነበረ» የሚል የምስክር ቃል ነውና። ገበቴውን ይዞ የቀረበ ሰው ስንጥቁን በጣቱ እያሳየ ታሪኩን ከዚያ ቢጀምር አያስደንቅም።

ሩቅ አገር የኖረው ካባ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ባላገሩ ዕቃ ነው። የመኳንንቱ ዕቃ ደግሞ አሁ ኡላ የሚባለው የላባ ካባ ነበር። መደቡ ኦሎና ከተባለ የደሴቶቹ ተክል ልጥ የተፈተለ መረብ ሲሆን፣ በመረቡ ላይ የኢኢዊ ወፍ ቀይ ላባ፣ የኦኦና የማሞ ወፎች ቢጫ ላባ (የመጨረሻው ስም ከኛ አገር ልጆች ስም ጋር መግጠሙ ያጋጣሚ ነገር ነው) በትንንሽ ጭብጥ እየታሰረ እንደ ሐር ለስልሶ ይወርዳል። ኦኦና ማሞ ጥቁር ወፎች ነበሩ፤ ቢጫ ላባ የሚገኝባቸው በጥቂት የአካላቸው ክፍል ብቻ ነው፤ የወፍ አዳኞቹም በደጋው ጫካ እየኖሩ፣ ቅርንጫፍ በሙጫ ቀብተው ወፎቹን ይይዙ ነበር። ማሞም ኦኦም ዛሬ ከምድረ ገጽ ጠፍተዋል፤ ስለዚህ ካባው ከነገሥታቱ ሌላ ለወፎቹም እማኝ ሆኗል።

በ26 ጃንዋሪ 1779 በኬአላኬኩዋ ወደብ የሃዋይ ደሴት ገዢ የነበረው ካላኒኦፑኡ ለካፒቴን ኩክ ታላቅ አቀባበል ባደረገ ጊዜ፣ የለበሰውን ካባ ከትከሻው አውልቆ በእንግዳው ትከሻ ላይ ጣለ፣ ማሂዮሌ የሚባለውንም የላባ የራስ ቍር በራሱ ላይ ደፋለት። ካባው ከ20 ሺህ ያህል ወፎች የተገኘ 4 ሚሊዮን ያህል ላባ እንዳለበት ተገምቷል። አንድ ገዢ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለባዕድ ሲሰጥ ስጦታ ብቻ አልሰጠም፤ ከራሱ ሐረግ ጋር አቈራኘው፣ ራሱን አስተዋወቀው። እንግዳው ይህን ምን ያህል እንዳስተዋለ ብንጠራጠር አይፈረድብንም፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በ14 ፌብሩዋሪ፣ የተሰረቀች ጀልባ ለማስመለስ ያንኑ ካላኒኦፑኡን መያዣ አድርጎ ሊወስድ ሲሞክር በተነሣው ጠብ ተገደለ።

ካባው በመርከቦቹ ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ ከአንዱ ሰብሳቢ ወደ ሌላው እየተላለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ከኖረ በኋላ፣ በ1912 አንድ የእንግሊዝ መኰንን ለኒውዚላንድ ቤተ መዘክር ሰጠው። በመጋቢት 2016 ካባውና የራስ ቍሩ ከ237 ዓመት በኋላ ወደ ሃዋይ ተመለሱ፤ በመጀመሪያ በረጅም ውሰት፣ በ2020 ግን በፍጹም ስጦታ። ዛሬ በሆኖሉሉ በቢሾፕ ቤተ መዘክር ይገኛሉ፤ ይህ ቤተ መዘክር በ1889 የተመሠረተው ከካሜሃሜሃ ሥርወ መንግሥት ለተወለደችው ለልዕልት በርኒስ ፓዋሂ ቢሾፕ መታሰቢያ ነው።

በዚያው ቤተ መዘክር የካላኒኦፑኡ ልጅ የኪዋላኦ ካባም አለ። ኪዋላኦ በ1782 በሞኩኦሃይ ጦርነት ወድቆ ካባውን ድል አድራጊው ካሜሃሜሃ ወስዶታል። እንግዲህ የአባት ካባ በፍቅር ተሰጥቶ፣ የልጅ ካባ በጦር ተማርኮ፣ ሁለቱም ስለ አንድ ቤት ይመሰክራሉ፤ አንዱ ስለ ልግስናው፣ ሌላው ስለ ውድቀቱ። የዛሬ የሃዋይ ሰው ሙሉ የላባ ካባ ቤቱ የለውም፤ ነገር ግን የላባ ጕንጕን መሥራት አሁንም አልቀረም፤ የአያቷን የላባ ጕንጕን በባርኔጣዋ ዙሪያ አሥራ የምትመጣ ሴት የምትቈጥረው እማኝ ከዚሁ ወገን ነው።

በመርፌ የተጻፈ ቃል

በ1820 ሚሲዮናውያን ከነሚስቶቻቸው ሲደርሱ የሃዋይ ሴቶች የሚለብሱት ካፓ ነበር፤ ይኸውም ዋውኬ ከሚባል ተክል የተላጠ ውስጠኛ ልጥ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት መደብደቢያ ተቀጥቅጦ፣ በእርድና በሌሎች ሥሮች ቀለም በቀርከሃ ማኅተም የሚታተም ጨርቅ ነው። የጥጥ ልብስ ሲበዛ ካፓ መሥራት በዚያው መቶ ዓመት ጠፋ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፑዋናኒ ቫን ዶርፕና ሌሎችም ሴቶች በቤተ መዘክር የተቀመጡትን ጥንታዊ ካፓዎች እየመረመሩ፣ እየሞከሩና እየሳቱ አሠራሩን መልሰው አገኙት። አስተማሪዎቹ ሞተው ዕቃዎቹ ብቻ በቀሩበት ዘመን፣ ዕቃዎቹ ተጠይቀው መለሱ ማለት ነው።

ከሚሲዮናውያኑ ሚስቶች ሴቶቹ የተማሩት ደግሞ ጨርቅ ገጣጥሞ ብርድ ልብስ መስፋትን ነው። ሞያው የባዕድ ነበር፤ ወዲያው ግን የደሴቶቹን ቅጠልና አበባ እየቈረጡ የራሳቸው አደረጉት። መንግሥታቸው ከተገለበጠ በኋላም የሃዋይን ሰንደቅ ዓላማ በአራቱም ጠርዝ፣ የንጉሡንም ዓርማ በመካከል እየሰፉ በአልጋቸው ላይ አኖሩት፤ ከአደባባይ የወረደው ባንዲራ በመኝታ ቤት ተሰቀለ። ከሁሉም በላይ የሚሆነው ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ የሰፋችው ነው። በጃንዋሪ 1895 መንግሥቷን ለመመለስ የተሞከረው ዐመፅ ከከሸፈ በኋላ ንግሥቲቱ ተይዛ በገዛ ቤተ መንግሥቷ በኢዮላኒ በአንድ የሰገነት ክፍል ስምንት ወር ያህል ታሰረች፤ በዚያም አብራት ከኖረች እመቤት ጋር ከቍርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ መስፋት ጀመረች፤ የወዳጆቿን ስም፣ የታሰረችበትንም ዕለት በመርፌ ጻፈችበት። ጋዜጣና ዐዋጅ ሁሉ በገለበጧት ሰዎች እጅ በነበረበት ጊዜ፣ የእርስዋ ቃል በጨርቅ ላይ ሰፈረ፤ ዛሬም በዚያው በኢዮላኒ ቤተ መንግሥት ይታያል።

መጻተኛ ዕቃ ይመሰክራልን?

አንዳንድ ሰው፣ በተለይም ጥንታዊነትን ከንጽሕና ጋር የሚያስተባብር ሰው፣ የሃዋይን ማንነት ሊመሰክር የሚችለው ከኩክ በፊት የነበረ ዕቃ ብቻ ነው ይላል። ይህ አሳብ ትክክል አይመስለኝም። ኡኩሌሌ የምትባለው ትንሿ ባለ አራት አውታር መሣሪያ በ1879 ሬቨንስክራግ በተባለች መርከብ ከፖርቱጋሏ ማዴይራ ደሴት ከመጡት ስደተኞች ጋር ገባች፤ ከእነርሱም መካከል የነበሩ እንጨት ጠራቢዎች በደሴቶቹ በበቀለው በኮአ እንጨት ይሠሯት ጀመር፤ ንጉሥ ካላካውዋም ወደዳት፣ በቤተ መንግሥቱም አስደመጣት። የከብት ጠባቂውም ኮርቻ እንዲሁ ነው፤ በ1793 ካፒቴን ቫንኩቨር ለካሜሃሜሃ ያመጣቸው ከብቶች በዝተው ምድሩን ባስጨነቁ ጊዜ፣ በ1830ዎቹ ከሜክሲኮ የመጡ ፈረሰኞች ለሃዋይ ሰዎች ገመድ መወርወርንና ኮርቻ መሥራትን አስተማሩ፤ በ1908 በዋዮሚንግ በሼየን ከተማ የገመድ ውድድር የዓለም አሸናፊ የሆነው ኢኩዋ ፐርዲ የሃዋይ ሰው ነበር። የአያቱን ኮርቻ ይዞ የሚቀርብ የከብት ጠባቂ ቤተሰብ ልጅ እማኙ በስፍራው የነበረ ነውና ማንም አይመልሰውም።

ሐሰተኛ ምስክር፣ ዝም የሚልም ምስክር

በአንጻሩ ደግሞ በአውሮፕላን ማረፊያ ለጎብኚ የሚሸጠው የፕላስቲክ የአበባ ጕንጕን በመልኩ ሃዋያዊ ቢመስልም በስፍራው አልነበረም። የሐሰት ምስክር ነገር ሕግ እስከ ማስወጣት ደርሷል። የኒኢሃው ደሴት ሴቶች ከባሕር ዳር እየለቀሙ የሚሰኩት፣ ከሩዝ ቅንጣት የማይበልጥ ቀንድ አውጣ ያለበት የአንገት ጌጥ እጅግ የተወደደ በመሆኑ፣ የሌላ አገር ቅርፊት በኒኢሃው ስም ይሸጥ ጀመረ፤ በ2004 የወጣው የሃዋይ ሕግ ግን ቅርፊቱ ቢያንስ ከመቶ 80 እጁ የኒኢሃው ካልሆነ በዚህ ስም እንዳይሸጥ ከለከለ።

ከሐሰተኛው ይልቅ አስቸጋሪው ዝም ማለት የሚገባው እማኝ ነው። በ1905 በሃዋይ ደሴት በካዋይሃዬ አጠገብ ካለ የመቃብር ዋሻ የተወሰዱ ዕቃዎች በቢሾፕ ቤተ መዘክር ኖረው፣ በ2000 ቤተ መዘክሩ 83ቱን ለአንድ የተወላጆች ማኅበር አዋሰ፤ ማኅበሩም ዕቃዎቹ የሙታን ናቸው ብሎ ወደ ዋሻው መልሶ ዘጋባቸው። ሌሎች የተወላጅ ወገኖች ደግሞ ዕቃዎቹ የሁላችንም ናቸው ሲሉ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤትም እንዲመለሱ አዘዘ፤ የማኅበሩ መሪ ቦታውን አልናገርም ብሎ ታሰረ፤ ዕቃዎቹ በ2006 ተቈፍረው ወጡ። እኔ በዚህ ነገር ፈራጅ ልሆን አልደፍርም፤ ሁለቱም ወገኖች የሚሟገቱት ስለ አንድ ዘር ክብር ነውና። ነገር ግን ለሕያዋን እንዲናገር የተተወ ዕቃና ከሙታን ጋር እንዲያርፍ የተሰጠ ዕቃ የተለያዩ መሆናቸውን ሳይለይ የሚጠይቅ ሰው፣ ጠያቂ መሆኑ ቀርቶ ዘራፊ ይሆናል።

ከደሴቶቹ ውጭ

በ2020 የአሜሪካ ሕዝብ ቈጠራ በሙሉ ወይም በከፊል ሃዋያዊ ነኝ ያለው ሰው 680 ሺህ ያህል ሲሆን፣ ከእኩሌታው የሚበልጠው የሚኖረው ከደሴቶቹ ውጭ ነው። የቤት ዋጋና የኑሮ ውድነት እየገፋቸው በብዛት ከሚሰፍሩባቸው ከተሞች አንዷ ላስ ቬጋስ ስለሆነች፣ ከስምንቱ ዋና ዋና ደሴቶች ቀጥላ ዘጠነኛዋ ደሴት ትባላለች። በዚያ የሚወለድ ልጅ ተራራውን በመስኮቱ አያይም፣ ወንዙም ከደጁ አይፈስስም፤ አያቱ በሻንጣ ይዛው የመጣችው ገበቴ ወይም ዘነዘና ግን በመደርደሪያው ላይ አለ። የሃዋይ ቋንቋም በ1978 ከእንግሊዝኛ ጋር የደሴቶቹ የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ፣ በ1984 የመጀመሪያው በሃዋይ ቋንቋ ብቻ የሚያስተምር የሕፃናት ትምህርት ቤት በካዋይ ተከፍቶ፣ በ1987ም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ገብቶ፣ ዛሬ ልጆች የወላጆቻቸውን፣ የመሬታቸውንና የተራራቸውን ስም እየጠሩ ራሳቸውን ማስተዋወቅን ይማራሉ። ዕቃውን በገዛ ቋንቋው የሚጠይቅ ትውልድ እንደ ገና እየተነሣ ነው።

በላስ ቬጋስ የኛም ወገኖች በብዛት ይኖራሉ፤ ከሃዋይ ሰዎች ጋር በአንድ ሆቴል፣ በአንድ ሆስፒታል የሚሠሩ አሉ። እንግዲህ ከእነርሱ አንዱ ወደ ቤቱ ጠርቶ በመደርደሪያው ላይ ያለውን የተጠገነ ገበቴ ቢያሳይዎት፣ ዋጋው ስንት ነው ብለው አይጠይቁት፤ ከማን እንደ ተቀበለው ይጠይቁት፤ ከመጠየቅዎም በፊት ደህና አድርገው ይቀመጡ፤ መልሱ አጭር አይሆንምና።